ለጋሽ ከድር ያዋጣንላቸው ቀላል ቦርድ

ሰው ሰርቆ ቢጸጸት ያምርበታል። ዋሽቶ፣ ሰው አጣልቶ፣ ጎረቤት አምቶ ቢጸጸትም ያምርበታል። እኔ ግን የምጸጸተው ስጦታ ሰጥቼ ነው፤ ይሄን ለማን ልንገር? ለንስሐ አባቴ ብነግራቸው «ልጄ፣ ስጦታማ ጽድቅ ነው» ብለው ጸበል ረጭተው ይሸኙኛል። ስለዚህ ለእናንተ ልንገራችሁ። ሰምታችሁ ብትሰድቡኝ ቅር አይለኝም። እንዲያውም ደህና አድርጎ የሚሰድበኝ ሰው አጥቼ ነው እንዲህ የምለፈልፈው።

ነገሩ የሆነው ሲያትል ነው፣ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ። ያን ጊዜ መሀል ከተማ አንድ የመኪና ማቆሚያ በር ላይ፣ ሁለት ሰው የማትይዝ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ተቀምጬ ትኬት እሰጥ ነበር። ቀኑን ሙሉ ከአፌ የሚወጣው «ሄሎ» እና «ሃቭ ኤ ናይስ ደይ» ብቻ ነው። እስቲ አስቡት፣ አፉ የማያርፍ አበሻ በቀን ስምንት ሰዓት በሁለት ቃል ታስሮ ሲውል! ማታ ስወጣ የተጠራቀመው ምክሬ ሁሉ አንድ ሰው ላይ መውረዱ አይቀርም። የወረደው ጋሽ ከድር ላይ ነው።

ጋሽ ከድር ዋይት ሴንተር የሚባል ሰፈር ትንሽ ሱቅ ነበራቸው። በርበሬ፣ ምስር፣ ሽንኩርት በጆንያ፣ የስልክ ካርድ፣ ካሴት፣ ምን የሌለ አለ። ስልጤ ናቸው፤ ያደጉት ዝዋይ ነው። በደርግ ጊዜ ላንጋኖ ሐይቅ ዳር አንድ ሆቴል ውስጥ የጀልባ ጠባቂ ሆነው ሲሠሩ፣ አንድ ፈረንጅ እንግዳ ዊንድሰርፊንግ የሚባለውን ነገር ይዞ መጣ። ለማያውቅ ላስረዳ፤ ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ሰሌዳ ላይ ቆሞ፣ በምሰሶ የተወጠረ ሸራ በሁለት እጅ ይዞ፣ ነፋስ ወደወሰደው መሄድ ነው። ሞተር የለው፣ መቅዘፊያ የለው። ፍሬንማ ጭራሽ አይታሰብም።

«ሰውየው ሲወድቅ ሲነሳ፣ ሲወድቅ ሲነሳ ሳምንት ሙሉ አየሁት» ይላሉ ጋሽ ከድር። «በስምንተኛው ቀን አሞት ተኛ። እኔ ወጣሁበት። አልወደቅኩም።»

ታሪኩ ይኸው ነው። እኔ ብሆን ይህን ታሪክ ይዤ ሦስት ሠርግ እበላበት ነበር፤ እሳቸው ሽንኩርት እየመዘኑ ይጨርሱታል።

ሲያትል በመጡ በሁለተኛው ዓመት አንድ ጋራዥ ሴል ላይ፣ ፈረንጅ አሮጌ ዕቃውን ደጁ ዘርግቶ በሚሸጥበት፣ ቁርጥ የላንጋኖውን የመሰለ ሰሌዳ አገኙ። ከነሸራው፣ ከነምሰሶው። ከዚያ ወዲህ፣ ከግንቦት እስከ መስከረም፣ እሁድ እሁድ ጠዋት ማውንት ቤከር የሚባለው ሰፈር፣ ሐይቁ ዳር ወርደን ፓርክ እናደርጋለን፤ ሰሌዳውን ከመኪናው ጣሪያ እናወርዳለን፤ እሳቸው ውኃ ላይ፣ እኔ ደረቅ ላይ። ዋና አልችልም። የእኔ ሥራ አንድ ጫፍ መሸከምና ጫማቸውን መጠበቅ ነው። ጫማውን ማንም አይሰርቀውም፤ እኔ ግን ዓይኔን አልነቅልም ነበር።

ሰሌዳውን ሳልነግራችሁ አላልፍም። ርዝመቱ ከአልጋ ይበልጣል። ሁለት ሰው ያነሳዋል፤ ሁለቱም ግን ቁርስ የበሉ መሆን አለባቸው። ሸራው በአንድ ዘመን ብርቱካናማ እንደነበር ይወራል። ሸራውን የሚይዙበት እጀታ ከምሰሶው ጋር የሚታሰረው በገመድ ነው፤ ጋሽ ከድር በጥርሳቸው ነክሰው ያጠብቁታል። መሀሉ ላይ ባለው ቀዳዳ ወደ ውኃ የሚወርድ እንደ መክተፊያ ያለ ጣውላ አለው፤ እሱ ሲገባ የሚያሰማው ድምፅ የዳክዬዎቹን እንቅልፍ ያናጋ ነበር።

ጋሽ ከድር ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ጠቅልለው፣ ከሸሚዛቸው በላይ ላይፍ ጃኬት ደርበው፣ ቆባቸውን አጥብቀው ይወጣሉ። «ቢስሚላህ» ብለው ሸራውን በገመድ ከውኃ ይስባሉ። ሸራው ውኃ ጠጥቶ ይከብዳል፤ እሳቸው አይቸኩሉም። ይነሳል። ይሄዳሉ። ፍጥነቱን ካነሳችሁ፣ ዳር ዳሩን የሕፃን ጋሪ የምትገፋ ሴት ትቀድማቸዋለች። ግን ፊታቸው! ስድስት ቀን ቆመው የሚውሉ ሰውዬ ሰባተኛውንም ቀን ቆመው ነው የሚያሳልፉት፤ ያም ሆኖ እዚያ ላይ ሲቆሙ ሌላ ሰው ናቸው። ትከሻቸው ይወርዳል። ያንጎራጉራሉ። አንድ ሰዓት ዞረው ሲመለሱ የሚሉት አንድ ቃል ነው፤ «ታጠብኩ»።

ይህን ሁሉ እያየሁ መተው አይቻልም ነበር? ይቻል ነበር። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል እንዲህ ነው።

የእኔ በሽታ የጀመረው ጎናችን ካሉት ፈረንጆች ነው። ሰዎቹ ሰሌዳውን በአንድ ብብት፣ ሸራውን በሌላ ብብት ይዘው እየሮጡ ይወርዳሉ። ሰሌዳቸው አጭር ነው። ሸራቸው እንደ መስኮት መስታወት ወዲያ ማዶ ያሳያል። ነፋስ ሲመጣ ፊው ብለው ይጠፋሉ። ከዚያ ጋሽ ከድር በብርቱካናማው ሸራ፣ በገመዱ፣ በቆባቸው ቀስ ብለው ብቅ ይላሉ። ፈረንጆቹ እጃቸውን እያውለበለቡ ያደንቋቸው ነበር፤ እኔ ግን የሚስቁብን ይመስለኝ ነበር። ቀኑን ሙሉ ለሰው አዲስ መኪና ትኬት ስቆርጥ የምውል ሰው ነኝ፤ ቢያንስ እሁድ የእኛ ነገር አዲስ ቢሆን ምናለ?

አንድ እሁድ ሰሌዳውን ስናወርድ የጋሽ ከድር ጉልበት ቋ አለ። በሳምንቱ ሐኪም ዘንድ ሄደው መጡ።

«መቀየሩ አይቀርም አለኝ» አሉ፣ ስለ መኪና ጎማ የሚያወሩ ይመስል። «እስከዚያ ሁለት በጋ ቢያገለግልህ ነው አለ። ሁለት በጋ ደግሞ ይበቃኛል። ከዚያ ቁጭ ብዬ አወራዋለሁ።»

እኔ ልቤ ተነካ። እውነት ተነካ፤ በዚህ አትጠርጥሩኝ። ይህን ሰውዬ እየገደላቸው ያለው የዚያ ግንድ ክብደት ነው ብዬ ደመደምኩ። ሁለት በጋ ነው የቀራቸው፤ ሁለቱን በጋ በቀላል ነገር ቢጨርሱስ? ለጓደኛዬ ለብርሃኑ ኮል አደረግኩ። ብርሃኑ ሊንውድ የሚኖር፣ ፒክአፕ ያለው ሰው ነው። ሲያትል ውስጥ ፒክአፕ ያለው አበሻ የሁሉም ሰው ዘመድ ነው።

«ሶ፣ ሁላችንም እናዋጣ» አለ ብርሃኑ። «የሳቸውን ምስር ያልበላ አለ?»

አልነበረም። የሱቁ ደንበኛ ሁሉ፣ ከታክሲ ነጂ እስከ ሞግዚት፣ እየሳቀ አዋጣ። እትዬ አልማዝ፣ ውኃ ካዩ የሚያዞራቸው ሴትዮ፣ «እኔ በሱ ባልሄድም ጸሎቴ ይሄዳል» ብለው ከሁሉ አብልጠው ሰጡ። መራጭ ሆኜ የተላክሁት እኔ ነኝ። ምክንያቱም በእነሱ ግምት ዊንድሰርፊንግ አውቃለሁ። ጫማ ስጠብቅ አይደል የከረምኩት? አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች።

ሰሌዳ የሚሸጥበት ሱቅ ስሄድ ፊቱ በፀሐይ የተላጠ ሻጭ ተቀበለኝ። ትዕግሥተኛ ሰው ነበር፤ ጥፋቱ የሱ አይደለም። የድሮውን ዓይነትና አዲሱን ጎን ለጎን አቁሞ አስረዳኝ። የድሮው ሸራ ጨርቅ ስለሆነ ይለጠጣል፤ ነፋስ ሲበረታ ሆዱ ይነፋና ሰውን ይጎትታል። አዲሱ ግን ቅርጹን አይለቅም። የድሮው ምሰሶ ከባድ ነው፤ አዲሱን በሁለት ጣት አነሳሁት። የድሮውን እጀታ በገመድ ሲያስሩ ግማሽ ቀን ይሄዳል፤ አዲሱ ቀጭ ይላል፣ አለቀ። እግር የሚገባበት ማሰሪያም አለው። እኔ «ዋው» እያልኩ ምሰሶውን ከፍ ዝቅ አደርጋለሁ።

ከዚያ ይጠይቀኝ ጀመር።

«ሰውየው ስንት ዓመት ሠርቶበታል?»

አሁን ስለ ታላቅ ሰው ስትጠየቁ ምን ትላላችሁ? ዝቅ አድርጋችሁ ትናገራላችሁ? «ሃያ ዓመት!» አልኩ። ዓመቱን ማን ቆጠረው?

«ውኃ ውስጥ ተኝቶ፣ ሸራው ራሱ ጎትቶ እንዲያነሳው ማድረግ ይችላል?»

«እሱ? እየተኛ ይሄዳል!»

«ኃይለኛ ነፋስ ይወዳል?»

«ነፍሱ ነው!»

«ኦ፣ ፕሮ ነው ማለት ነው።»

«በአገራችን አንደኛ ነው» አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ። ይሄ እንኳ ውሸት አልነበረም፤ ሁለተኛ ሰው አላውቅማ።

«ክብደቱስ?»

የታላቅ ሰው ክብደት አደባባይ አይወራም። «መካከለኛ» አልኩ። ጋሽ ከድር መካከለኛ የሚሆኑት ከበሬ ጋር ሲወዳደሩ ነው።

ሻጩ በአድናቆት ራሱን እየነቀነቀ፣ ከግድግዳው አንዲት አጭር፣ ሹል፣ ቢጫ ሰሌዳ አወረደልኝ። አንድ ነገር ደግሞ አለ። ሰምቻለሁ፤ አልሰማሁም ብል እግዜር ይታዘበኛል። «ይሄ ነፋስ ሲኖር ነው። ነፋስ ከሌለ ሰው አይሸከምም» አለ። እኔ በልቤ፣ ያለ ነፋስ ማን ዊንድሰርፊንግ ይሄዳል ብዬ አለፍኩት። የሲያትል በጋ ነፋሱ ሰነፍ መሆኑን፣ ስንት እሁድ ዳር ቁጭ ብዬ ያየሁ ሰውዬ፣ በዚያች ደቂቃ ረሳሁት።

ስጦታው ተገኘ። አሁን አሮጌው ምን ይሁን?

«አሮጌው ካለ አዲሱን አይነኩትም» አለ ብርሃኑ። «አዲስ ሶፋ ገዝቶ ፕላስቲኩን ሳይነቅል፣ እንግዳ ሲመጣ ብቻ የሚቀመጥበት አበሻ አታውቅም? አዲሱን ግድግዳ ላይ ሰቅለው በአሮጌው ነው የሚሄዱት።»

እውነቱን ነው፤ እናቴ ቤት ከተገዛ ጀምሮ ውኃ ያልጠጣንበት ብርጭቆ አለ። ስለዚህ ተስማማን፤ አሮጌው ከመንገድ ይነሳ። የሚቀመጠው ከሱቁ ጀርባ፣ ግድግዳ ላይ ተደግፎ፣ በሸራ ተሸፍኖ ነው። ዓርብ ቀን ጁምዓ ሲሄዱ ሱቁን ዘግተው ነው፤ ያን ሰዓት መረጥን። ፒክአፑን ወደኋላ አስገብተን ስንጭን ሳቃችን አላስቆመን አለ። ብርሃኑ ጣቱን ተቀጥቅጦ ይስቃል። እኔ «ቀስ በል፣ ቀስ በል! ሲያዩት ሊያለቅሱ ነው! ለአባቴ እንዲህ አላደረግሁም!» እላለሁ። ሊንውድ ወስደን ብርሃኑ ሰፈር መንገድ ዳር አጋደምነውና የፈለገ በነጻ ይውሰደው ለማለት ካርቶን ላይ «ፍሪ» ብለን ጽፈን ለጠፍን። ሳንዊች በልተን ስንወጣ የለም። ከነሸራው፣ ከነገመዱ። «አየህ፣ አሜሪካ!» አለ ብርሃኑ።

ቅዳሜ ሱቁ ውስጥ፣ በሽንኩርት ጆንያዎች መካከል፣ ስጦታው ተበረከተ። ብርሃኑ ንግግር አደረገ፤ እልልታ ቀለጠ። ሸራውን ከፍ አድርጌ ዘረጋሁት። ጋሽ ከድር በዚያ ብርሃን በሚያሳልፍ ሸራ አሻግረው አንድ በአንድ አዩን። ለአፍታ ደግሞ ወደ ጓሮው በር አዩ። ከዚያ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው፣ «አላህ ይስጣችሁ። እኔ ለእናንተ ምን አድርጌ?» አሉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። እኔ ብርሃኑን በክርኔ ጎሸም አደረግሁት፤ አላልኩህም? ስለ አሮጌው አንድ ቃል አልጠየቁም። ይህንንም እንደ ድል ቆጠርነው።

እሁድ ሆነ። ወይ ያቺ እሁድ! ሰሌዳዋን በአንድ ብብቴ ይዤ እየተንጎራደድኩ ወረድኩ። ፈረንጆቹ ዞረው አዩን። ጋሽ ከድር «ቢስሚላህ» ብለው ወጡባት።

ሰመጠች።

በአንዴ አይደለም። ቀስ ብላ፣ በክብር ነው የሰመጠችው። ውኃው ቁርጭምጭሚታቸው ጋ ደረሰ፣ ጉልበታቸው ጋ ደረሰ፣ ወገባቸው ጋ ደረሰ። እሳቸው ቀጥ ብለው እንደቆሙ ናቸው፤ ባንዲራ ሲሰቀል እንደሚቆም ሰው። ከርቀት ለሚያይ አንድ ሽማግሌ ሸሚዛቸውን እንደለበሱ ሐይቅ መሀል ተራ የሚጠብቁ ይመስላል። ዘወር ብለው አዩኝ።

«ዛሬ ነፋስ የለም» አሉ።

«የሚቀጥለው እሁድ ይኖራል!» ብዬ ጮህኩ።

የሚቀጥለውም እሁድ አልነበረም። ከዚያም የሚቀጥለው። እኔ ምክሬን ከዳር አልከለከልኩም፤ «ትንሽ ወደፊት ይቁሙ! ትንሽ ቀለል ይበሉ!» እላለሁ። ሰው እንዴት ነው ቀለል የሚለው? አንድ ቀን እሳቸው ደረታቸው ድረስ ውኃ ውስጥ ሆነው ነፋስ ሲጠብቁ፣ አንድ ፈረንጅ ልክ እንደ ድሮው ያለ ረጅም ሰሌዳ ላይ ቆሞ፣ ፊት ለፊቱ ውሻውን አስቀምጦ፣ በዚያው የለም በተባለው ነፋስ እየተንሸራሸረ አለፈ። ውሻው አየን። ጋሽ ከድር ሰውየውን በዓይናቸው እስከ ማዶ ሸኙት። እኔ ጫማውን አየሁ።

በነሐሴ አንድ እሁድ ነፋስ መጣ። እውነተኛ ነፋስ። «ይኸው!» አልኩ። ሸራው ሲነሳ ጋሽ ከድር አብረው ተነሱ፤ ከሰሌዳው አልፈው፣ ከሸራው አልፈው፣ እንደ ጆንያ ተወርውረው ወዲያ ማዶ ወደቁ። ሁለት ፈረንጆች ዋኝተው አወጧቸው። እኔ ዳር ሆኜ ጫማቸውን ይዤ ነበር የማለቅሰው። ጉልበታቸው ያን ቀን አብጦ ዋለ። ከዚያ ወዲህ እሁድ ስደውል «ሱቅ በዛብኝ» ይሉኝ ጀመር።

ያን ጊዜ እንኳ አልነቃሁም። የነቃሁት ብቻዬን ሐይቁ ዳር ስሄድ፣ ሁልጊዜ እዚያ የምናያት ሽበታም ፈረንጅ ቀርባ «ባለ ቆቡ ሰውዬ የት ሄዱ?» ስትለኝ ነው። ነገርኳት። ቢጫዋን ሰሌዳ ስትሰማ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«እሷ እኮ ለእንደ እኛ ዓይነት ዕብዶች ናት» አለችኝ። «ካልበረረች ትሰምጣለች። ያ የድሮው ግን ነፋስ ኖረ አልኖረ ሰው ይሸከማል፤ እንደ መሬት ትቆምበታለህ። ለዚህ ሐይቅ፣ ለበጋ፣ ለሳቸው ዕድሜ፣ ከሱ የተሻለ አልተሠራም። እኛ በየእሁዱ እንቀናበት ነበር። የት አደረሳችሁት?»

የት አደረስነው? ወይኔ ሰውዬው! የሚስቁብን የመሰሉኝ ሰዎች ለካ ቀንተውብን ነው።

ሊንውድ ወረድኩ። ሁለት ቅዳሜ ሙሉ የብርሃኑን ሰፈር በር በበር አንኳኳሁ። አንዱ ሃይማኖት ልሰብክ የመጣሁ መስሎት መብራት አጠፋብኝ፤ ቀን ነበር እኮ። ብርሃኑ ከኋላዬ በፒክአፑ እየተከተለ «ተው ሰው ፖሊስ ይጠራል» ይለኛል። በመጨረሻ አንድ አጥር ላይ ያን ብርቱካናማ ጨርቅ አየሁት። ለቲማቲም ችግኝ ጥላ ሆኖ ተወጥሯል። ልቤ ዘለለ። በሩን ስመታ አንዲት አሮጊት ፈረንጅ፣ ገና ስሜን ሳልናገር እየሳቁ አስገቡኝ።

ሰሌዳው ጓሮ ነበር። ለሁለት ተቆርጧል። አንዱ ግማሽ አራት እግር ተመቶለት አግዳሚ ወንበር ሆኗል። ሌላው ግማሽ ጉድጓድ ጉድጓድ ተደርጎ አበባ ተተክሎበታል።

«ወንድሜ ነው የሠራልኝ» አሉ አሮጊቷ። «ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ደጅ ወጥቼ ስቀመጥ ይኸ የመጀመሪያዬ ነው። ተቀመጥ እንጂ፣ ቆመህ ትቀራለህ?»

ምን ልበል? «የሰው አደራ ነው፣ ይመልሱ» ልበል? እንዴት ብዬ? ተቀመጥኩ። ጋሽ ከድር የሚቆሙበት ቦታ ላይ ቁጭ ብዬ ሻይ ጠጣሁ፤ ሦስት ብስኩትም በላሁ። «ወንበሩን ወደድከው?» ሲሉኝ «ቢዩቲፉል» አልኩ። አራተኛ ብስኩት ለመንገድ ሰጡኝ።

ማክሰኞ ከሰዓት ሱቁ ሄድኩ። ጋሽ ከድር ጉልበታቸውን ጠቅልለው፣ ከጠረጴዛው ኋላ ምስር ይመዝናሉ።

«ጋሽ ከድር፣ አንድ ነገር ልነግርዎት መጥቼ ነው።»

«ስለ ሰሌዳው ነው?» አሉ፣ ቀና ሳይሉ።

ሁሉንም አንድ ሳላስቀር ተናዘዝኩ፤ ሻጩን፣ ሊንውድን፣ ካርቶኑን፣ ወንበሩን። ብስኩቱን እንኳ አልደበቅሁም። ሰምተው ሲጨርሱ ሚዛኑን ወደ ጎን ገፋ አደረጉት።

«ያን ጁምዓ እዚሁ ነበርኩ» አሉ። «ራሴን አሞኝ ጓዳ ጋደም ብዬ ነበር። ኋላ ኮሽ ሲል ሌባ መስሎኝ መጥረጊያ ይዤ ተነሳሁ። በመስኮት ሳይ አንተ ነህ።»

«አዩኝ?»

«አየሁህ እንጂ! ካንተ የሰማሁትስ? ‹ለአባቴ እንዲህ አላደረግሁም› ስትል ሰማሁ። እንዲህ እያለ የሚሰርቀኝን ሰው ምን ብዬ ላስቁመው?»

«አይጮሁም ነበር? በመጥረጊያው አይመቱኝም ነበር?»

«ደስ ብሎህ ነበር ልጄ። እንዲያ ደስ ብሎህ አይቼህ አላውቅም። ሰሌዳ ነው፣ ይሂድ አልኩ። አዲሱ እንዲህ የሚያደርገኝ መቼ መሰለኝ?» ጉልበታቸውን ዳሰስ አደረጉ። «ሴትየዋስ? ወንበሩ ይመቻቸዋል?»

«ይመቻቸዋል።»

«እንግዲያው አልሐምዱሊላህ። ሥራ አልፈታም።»

እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ከዚያ እንባዬን ጠርጌ ምክር ጀመርኩ፤ ልማድ ነው። «ሌላ አሮጌ እንፈልግ! በየጋራዥ ሴሉ ሞልቷል። ገና አንድ በጋ አለ፣ ጋሽ ከድር! የሚመጣው በጋ አለ!»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «አዲስ ያለበሱኝ ሰዎች አሮጌ ላይ ቆሜ ሲያዩኝ ምን ይላሉ? ስጦታችንን ናቀ አይሉም?»

«እሁድ ጠዋት ማን ያያል?»

«የዚህ ከተማ አበሻ የማያየው አለ? ተው ልጄ። አይሆንም።»

ለመንኳቸው። ስለ አላህ አልኳቸው። ጉልበታቸው እንቢ ቢል ያሸንፉት ነበር፤ የሰው ፊት ግን አያሸንፉም። እኔም ብሆን የሰሌዳው ግማሽ ላይ ቁጭ ብዬ ብስኩት የበላሁ ሰው ነኝ፣ በምን አፌ ልፍረድ? ሁለት በጋ ነበር የቀራቸው። አንዱን አሰመጥኩት። ሁለተኛው ደግሞ እዚያው፣ ዓይኔ እያየ፣ በይሉኝታ ሊሄድ ነው።

በዚህ መሀል የበሩ ደወል ጮኸና እትዬ አልማዝ ገቡ። ዓይኔ ቀልቷል፤ ሽንኩርት የሚያነሳ ሰው መስዬ ወደ ጆንያው ጎንበስ አልኩ።

«ምስር ስጡኝ ጋሽ ከድር» አሉ።

«የዛሬውን አትውሰጂ፤ ድንጋይ አለበት። ሐሙስ ነይ።»

እኚህ ሰውዬ እንዲህ ናቸው። ለገበያ ብለው አንዲት ፍሬ አይዋሹም።

«እሺ፣ ሐሙስ። ለመሆኑ ያ አዲሱ ነገር እንዴት ነው? ይሄዳል? እኔ እኮ እየጸለይኩለት ነው።»

ጋሽ ከድር የታሰረውን ጉልበታቸውን ቀስ ብለው ከጠረጴዛው ሥር አስገቡት።

«ይበርራል» አሉ።

እትዬ አልማዝ ደስታ ፊታቸውን ሞላው። ማረጋገጫ ፈልገው ወደ እኔ ዞሩ። «እውነት? አንተ አብረህ ነው አይደል የምትሄደው? እንዴት ነው ሲያዩት?»

ጋሽ ከድር አዩኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር ለመኑኝ፣ በዓይናቸው።

«ይበርራል፣ እትዬ አልማዝ» አልኩ። «ዓይን አይደርስበትም።»